«ለእናቴ ልንገራት ወይስ ልደብቃት?» ከሳንባ ቀዶ ሕክምና በፊት ስለሚተከለው ሽቦ

የአንባቢ ደብዳቤ

«ዶክተር፣ የምኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እናቴ 63 ዓመቷ ነው፤ ከጎንደር ገጠር ወደ እኔ ከመጣች አራት ዓመት ሆናት። ካቻምና የመኪና አደጋ ደርሶብን ሲቲ ስካን ስትነሣ በቀኝ ሳንባዋ ላይ 7 ሚሊሜትር የምትሆን፣ ደመና የመሰለች ነጥብ ታየች። ሐኪሞቹ ሲከታተሏት ቆይተው ባለፈው ወር ነጥቧ 9 ሚሊሜትር መድረሷን፣ መካከሏም መጠጠሩን ነገሩን። ቀዶ ሐኪሙ በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየተመራ ሊያወጣት ወስኗል። ነጥቧ ከሳንባው ወለል 16 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ስለሆነች ግን በዚያው ዕለት ጠዋት በሲቲ ስካን እየታየ፣ ቦታዋን የሚያመለክት፣ ጫፉ መንጠቆ የሆነ ሽቦ በደረቷ በኩል ይገባል አሉን። የስምምነት ቅጹን የተረጎምኩላት እኔ ነኝ። የሳንባ አየር መፍሰስ፣ የደም መፍሰስ፣ የሽቦው መንሸራተት፣ አየር ወደ አንጎል መግባት፣ ሞት ይላል። እኔ ግን ‹ትንሽ መርፌ ናት› ብያት አለፍኩ። እናቴ ሲጋራ አጭሳ አታውቅም፤ በልጅነቷ የሳንባ ነቀርሳ ታክማለች። ይህ ምልክት የግድ ነው? እውነቱን ብነግራት ደንግጣ ሁሉንም ትተወዋለች ብዬ እፈራለሁ። ለቀጠሮው ሁለት ሳምንት ቀርቶናል።»

መልስ

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጭንቀትሽ ልጀምር። ለእናትሽ ንገሪያቸው። ዛሬ ማታ ባይሆንልሽ በዚህ ሳምንት ውስጥ ንገሪያቸው። ማወቅ መብታቸው መሆኑ እርግጥ ነው፤ እኔን እንዲህ አጥብቄ እንድናገር ያደረገኝ ምክንያት ግን ሌላ ነው። ሽቦው ሲተከል እናትሽ አብዛኛውን ጊዜ ነቅተው ነው የሚተኙት፤ የሚደነዝዘው ሽቦውን የሚያስገባው መርፌ የሚያልፍበት ቆዳና ሥጋ ብቻ ነው። ቅጹ ላይ ካነበብሻቸው አደጋዎች ሁሉ ይበልጥ የሚያስፈራው፣ አየር ወደ አንጎል መግባቱ፣ በከፊል የሚወሰነው እሳቸው በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች በሚያደርጉትና በማያደርጉት ነገር ነው። ያልተነገረው ሰው ደግሞ ሊያግዝ አይችልም።

መጀመሪያ ምልክቱ ለምን እንዳስፈለገ ላስረዳሽ፤ እናትሽም ቀድመው የሚጠይቁሽ ይህንኑ ነውና። በሲቲ ስካኑ ላይ የታየው በአየር የተሞላ ሳንባ ነው። በቀዶ ሕክምናው ሰዓት ግን የሚሠራበት ሳንባ አየሩ እንዲወጣ ይደረግና እንደ ተነፈሰ ኳስ ይኮማተራል። ስለዚህ በምስሉ ላይ «እዚህ ጋ ናት» የተባለችው ነጥብ ካሜራው በሚያየው ሳንባ ላይ በዚያው ስፍራ አትገኝም። ደረት በሰፊው በሚከፈትበት አሠራር ቀዶ ሐኪሙ ሳንባውን በእጁ ይዞ በጣቶቹ ይዳብሳል። በካሜራ ሲሠራ በቀዳዳው የሚገባለት ቢበዛ አንድ ጣት ነው። ጠጣር እብጠት ከሆነ ጣቱ ያገኘው ይሆናል። ደመና መሰል ነጥብ ግን ለስላሳ ናት፤ ጣት ከጤናማው ሳንባ አይለያትም፣ ዓይንም ከላይ ሆኖ አያያትም።

በ1999 የታተመ አንድ የጃፓን ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቶታል። መጠናቸው 10 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ፣ ከሳንባው ሽፋንም ከ5 ሚሊሜትር በላይ ወደ ውስጥ የገቡ ነጥቦች በካሜራ ቀዶ ሕክምና ወቅት ሳይገኙ የመቅረታቸው ዕድል 63 በመቶ ነበር። የእናትሽ ነጥብ 9 ሚሊሜትር ናት፤ ጥልቀቷ 16 ሚሊሜትር ነው። እንግዲህ ሽቦውን እንቢ ማለት ከአደጋ መዳን አይደለም፤ አደጋውን ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ማሻገር ነው። ነጥቧ ካልተገኘች ወይ ደረት በሰፊው ይከፈታል፣ ወይ በግምት ብዙ ሳንባ ይቆረጣል፣ ወይም ነጥቧ እዚያው ትቀራለች።

ሳንባ መቆጠቡም ቀላል ነገር አይደለም። በ2022 ከጃፓን፣ በ2023 ደግሞ ከአሜሪካ የወጡ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች እስከ 2 ሴንቲሜትር በሚደርስ፣ ወደ ዳር ባለ የሳንባ ካንሰር ላይ የሳንባውን ትንሽ ክፍል ብቻ ማውጣት አንድ ሙሉ የሳንባ ክፍል ከማውጣት በውጤት እንደማያንስ አሳይተዋል። ትንሽ ለመቁረጥ ግን ቦታውን በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል። ነጥቧ ካንሰር መሆኗ ገና አልታወቀም፤ ከዓመት በላይ አለመጥፋቷና መካከሏ መጠጠሩ ግን ሐኪሞቹን ቢያሳስባቸው ትክክል ናቸው። «በመርፌ ናሙና ብቻ ለምን አይወሰድም?» ትዪኝ ይሆናል። እንዲህ ካለች ትንሽ ነጥብ የሚወሰድ ናሙና «ምንም የለም» ቢል እንኳ የሚያስተማምን አይሆንም፤ መርፌው የሚያመጣው አደጋም ያው ነው።

አሁን ወደ ቅጹ እንመለስ። የስምምነት ቅጽ አደጋዎችን በአንድ ዓምድ ይደረድራል፤ ዘወትር የሚያጋጥመውና ከብዙ ሺህ ሰው በጥቂቶች ላይ የሚደርሰው ጎን ለጎን እኩል ይቆማሉ። አንቺም ስትተረጉሚ ሁሉንም በአንድ ድምፅ ነው ያነበብሻቸው። ልዩነታቸውን ልንገርሽ።

ዘወትር የሚያጋጥመው አየር ከሳንባው አምልጦ በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል መግባቱ ነው። ሐኪሞች ኒሞቶራክስ ይሉታል። መርፌ የሳንባን ሽፋን ይበሳል፤ በብሱ በኩል አየር ይሾልካል። በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ በ2017 የታተመ ትንተና፣ መንጠቆ ሽቦ ከተተከለላቸው 100 ሰዎች በ35ቱ ያህል ላይ ይህ መታየቱን ዘግቧል። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ሆኖም አብዛኛው በሲቲ ስካን ላይ ብቻ የሚታይ ቀጭን የአየር መስመር ነው፤ ታማሚው አይሰማውም፣ ቱቦም አያስፈልገውም። ከዚህም ሌላ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ናሙና ተወስዶለት ወደ ቤቱ ለሚሄድ ሰው የአየር መፍሰስ ትልቅ ጣጣ ነው። እናትሽ ግን ከዚያ የሚሄዱት ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ነው፤ እዚያ ሳንባው ሆን ተብሎ ይኮማተራል፣ ሥራው ሲያልቅም አየሩን የሚያወጣ ቱቦ ደረታቸው ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ የሚያሰጋው በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው የመጠበቂያ ጊዜ ነው። በዚያ ሰዓት ትንፋሽ ማጠር ወይም እየባሰ የሚሄድ የደረት ውጋት ቢመጣ ወዲያውኑ መናገር አለባቸው። የማደንዘዣ ባለሙያውም ማወቅ አለበት፤ በማሽን የሚገፋው አየር ትንሹን ፍሳሽ ሊያሰፋው ይችላልና።

እዚህ ላይ ስለ ጭስ ልንገርሽ፤ በደብዳቤሽ ውስጥ ቆም ያደረገኝ «ሲጋራ አጭሳ አታውቅም» ያልሽው ነው። ሐኪሙም በቅጹ ላይ «አያጨሱም» ብሎ ጽፏል ብዬ እገምታለሁ። ግን እናትሽ በጎንደር ገጠር ስንት ዓመት በማገዶ እንጀራ ጋገሩ? ጭስ መውጫ በሌለው ማድ ቤት፣ ሕፃን አዝለው፣ ዓይናቸው እያለቀሰ? የእንጨት ጭስ ሲጋራ ነክታ የማታውቅን ሴት ሳንባ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም ከቤት ውስጥ ማገዶ የሚወጣውን ጭስ ካንሰር ሊያስከትሉ ከሚችሉ ነገሮች መካከል መድቦታል። ለሽቦው ጉዳይ የሚያስፈልገን ግን ሌላው ጉዳቱ ነው፦ በጭስ የተጎዳና የአየር ከረጢቶቹ የላሉ ሳንባ ሲበሳ አየር ይበልጥ ያፈሳል፣ ብሱም ቶሎ አይደፈንም። በአሜሪካ የሚሠራ ሐኪም ይህን ካልተነገረው ለመጠየቅ ላያስብ ይችላል። በግልጽ ንገሪው፤ የትንፋሽ አቅም ምርመራ ተደርጎላቸው እንደሆነም ጠይቂው።

የልጅነት የሳንባ ነቀርሳቸውንም ጨምረሽ ንገሪው። ያ በሽታ ሲድን ሳንባን ከደረት ግድግዳ ጋር አጣብቆ ሊተው ይችላል፤ ለቀዶ ሐኪሙ ካሜራውን ከማስገባቱ በፊት ማወቁ ጠቃሚ ነው።

ሁለተኛው የደም መፍሰስ ነው። መርፌው በሚያልፍበት መንገድ ዙሪያ ሳንባ ውስጥ ጥቂት ደም ይፈስሳል፤ ቀድሜ በጠቀስኩት ትንተና ከ100 ሰዎች በ16ቱ ላይ ታይቷል። አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይቆማል። እናትሽ ሲያስሉ በአክታቸው ላይ ደም ቢያዩ ግን ያልተነገራቸው ከሆነ «አለቀልኝ» ነው የሚሉት። አስቀድመሽ ከነገርሻቸው ለነርሷ ያሳያሉ። አስፒሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ መቼ እንደሚቆም ሐኪሙ ይወስን፤ በራሳችሁ አታቁሙ። ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ከአገር ቤት የተላከ ማንኛውም መድኃኒት ካለም ሳታፍሪ ተናገሪ። የሚወስዱትን ሁሉ በወረቀት ጽፈሽ ብትሄጂ መልካም ነው።

የሽቦው መንሸራተት የመሣሪያው የትውልድ ችግር ነው። መንጠቆ ሽቦ መጀመሪያ የተሠራው ለጡት ነው፤ ጡት ደግሞ አይተነፍስም። ሳንባ በየትንፋሹ ይንቀሳቀሳል፤ አየሩ ሲወጣ ደግሞ ከደረት ግድግዳ ይሸሻል። ሽቦው በአንድ ጫፉ ሳንባ ውስጥ፣ በሌላው ጫፉ ቆዳ ላይ ከሆነ መሳቡ አይቀርም። በዚያው ትንተና መሠረት ከ100 ሽቦዎች በ6ቱ ያህል ምልክቱ በቀዶ ሕክምናው ሰዓት በሚፈለገው ሁኔታ አልተገኘም። እንዲያም ሆኖ መርፌው ሳንባው ላይ የተወው የደም ነጥብ ብዙ ጊዜ ለቀዶ ሐኪሙ ፍንጭ ይሰጠዋል። በታማሚና በቤተሰብ በኩል ሊደረግ የሚችለው ግን ቀላል ነው፦ ሽቦው ከገባ በኋላ አለመነሣት፣ ክንድን አለማወዛወዝ፣ የተለጠፈውን ፋሻ አለመነካካት። ለመጠየቅ የሚመጡ ዘመዶች እንደ ልማዳችን አቅፈው እንዳይስሟቸው ተከላከዪ፤ በዚያ ጠዋት ከሩቅ እጅ መንሳት ይበቃል።

ከሽቦ ሌላ መንገድም አለ። አንዳንድ ሆስፒታል በሽቦ ፈንታ ሳንባ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚቀር በጣም ትንሽ የብረት ጥቅልል ያስቀምጣል፤ በዚያው ትንተና በጥቅልሉ የአየር መፍሰስ 16 በመቶ፣ የደም መፍሰስ 6 በመቶ ነበር፣ ከሽቦው በግማሽና ከዚያም በላይ ያነሰ። በመተንፈሻ ቧንቧ በኩል ብሮንኮስኮፒ በሚባል፣ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ገብቶ ቀለም የሚያኖርም አለ፤ ይህ ደረትን በመርፌ አይበሳም። ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ ራሱ የምስል ማሽን ያላቸው ደግሞ የመጠበቂያውን ጊዜ ያሳጥሩታል። ቀዶ ሐኪሙን «እዚህ ዘወትር የምትሠሩበት የትኛው ነው? ለእናቴስ ሽቦውን ለምን መረጣችሁ?» ብለሽ ጠይቂው። ይሁን እንጂ በወረቀት ላይ የተሻለ የሚመስለውን ዘዴ አምስት ጊዜ ከሠራ ሐኪም ይልቅ ሽቦውን መቶ ጊዜ የተከለውን እመርጣለሁ። ከተከላው እስከ ቀዶ ሕክምናው ስንት ሰዓት እንደሚጠብቁ ግን ሳትጠይቂ አትውጪ። ጊዜው በረዘመ ቁጥር አየሩም ይጨምራል፣ ሽቦውም ይላላል።

እንቅልፍ የነሣሽ የመጨረሻው ነው። መርፌው በአንድ ጊዜ አየር ያለበትን የሳንባ ክፍልና ከሳንባ ወደ ልብ ደም የሚመልስ ሥርን ከነካ፣ አየር በደሙ ገብቶ ወደ ግራው ልብ፣ ከዚያም ወደ አንጎል ወይም ወደ ልብ ሥሮች ሊሄድ ይችላል። እጅግ አልፎ አልፎ የሚደርስ ነው። በጃፓን 9,783 ጊዜ የተደረገ በሲቲ ስካን የተመራ የሳንባ ናሙና አወሳሰድ ሲመረመር ስድስት ጊዜ ደርሷል። ይህ ቁጥር የናሙና መውሰድ እንጂ የሽቦ ተከላ አይደለም፤ መንገዱ ግን አንድ ነው። ከደረሰ ከባድ ነው፤ ይገድላልም። ስለዚህ «አይደርስም» ብዬ አላጽናናሽም።

አየሩን ወደ ሥሩ የሚገፋው በሳንባ ውስጥ ያለው ግፊት ነው። ግፊቱን በድንገት ከፍ የሚያደርገው ሳል፣ ጮክ ብሎ መናገር፣ ማማጥ ነው። ድንገተኛ ጥልቅ ትንፋሽም በመርፌው ክፍት አፍ በኩል አየር ሊስብ ይችላል። ለዚህ ነው እናትሽ ማወቅ ያለባቸው። በዚያ ክፍል ውስጥ ከመርፌው ጎን ለብዙ ዓመታት ቆሜያለሁ። ልጆቻቸው «ፎቶ ነው» ብለው ያመጧቸው አንዲት እናት መርፌው ደረታቸው ውስጥ እያለ «ማርያም! ማርያም ድረሽ!» እያሉ ሊነሡ ሲታገሉ አይቻለሁ። መርፌውን ወዲያው አወጣነው፤ ምንም አልደረሰባቸውም። ሥራው ግን ለሌላ ቀን ተላለፈ። የእኚያ እናት ፊት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም፤ የፈሩት መርፌውን ሳይሆን ያልተነገራቸውን ነገር ነበር።

እንዴት ትነግሪያቸዋለሽ? በቅጹ ቋንቋ አትንገሪያቸው። እኔ ብሆን እንዲህ እላቸዋለሁ፦ «እማዬ፣ ሐኪሙ የሚያወጣት ነገር ከምስር ብዙም አትበልጥም፤ ሳንባሽ ውስጥ ተደብቃለች። ቦታዋን እንዳይስት መጀመሪያ እንደ ችካል የሚሆን ቀጭን ሽቦ ይተክልላታል። የማደንዘዣዋ መርፌ ትቆጠቁጥሻለች፣ ከዚያ ግፊት ነው የሚሰማሽ። መርፌው ውስጥ እያለ አትናገሪ፣ አትሳዪ፣ በረጅሙ አትተንፍሺ። ጸሎትሽን በልብሽ አድርጊው። ሳል ከመጣብሽ መርፌው ከመግባቱ በፊት ንገሪያቸው። መርፌው ከገባ በኋላ የሆነ ነገር ከፈለግሽ ግን ጣትሽን አንሺ።» የጣቱን ምልክት ከሐኪሙና ከነርሷ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙበት። ቤት ውስጥም ተለማመዱት፦ አልጋ ላይ ክንድን ከራስ በላይ አድርጎ ለሃያ ደቂቃ ያህል ሳይንቀሳቀሱ መተኛት፣ አጠር ባለ እኩል ትንፋሽ መተንፈስና «ያዢ» ሲባል መያዝ። ትከሻቸው የሚያማቸው ከሆነ ያኔ ይታወቃል፤ ሐኪሙ ሌላ አቀማመጥ ይፈልግላቸዋል።

ደንግጠው ቢተዉስ? ሊደነግጡ ይችላሉ። ልጅነታቸውን በሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ያሳለፉ፣ በስተርጅና አገር ጥለው ወደ አንቺ የመጡ ሴት ግን አንቺ ከምታስቢው በላይ የሚችሉ ይመስለኛል። ሁሉን ሰምተው «አልፈልግም» ካሉም ቃሉ የእሳቸው ነው፤ ያን ጊዜ ከቀዶ ሐኪሙ ጋር እንደገና ተቀመጡ። ነጥቧን እየተከታተሉ መቆየት ምን ሊያስከትል እንደሚችል ከእሱ አፍ ይስሙ።

ጠዋት ጸበል ጠጥተው የሚወጡ ከሆነም አስቀድመሽ ተነጋገሪበት። ለማደንዘዣ ሆድ ባዶ መሆን አለበት፤ ሆስፒታሉ ከሰጣችሁ ሰዓት በኋላ ጸበልም ቢሆን አይጠጣም። ከዋዜማው ይጠጡት፣ ጠዋት ይረጩት። ከማተባቸው ላይ የብረት መስቀል ካለ እንደሚወልቅ ንገሪያቸው፤ ክፍሉ በር ላይ ሲነጠቁ ከሚደነግጡ ቤት አውልቀው ለአንቺ ቢሰጡሽ ይሻላል። ክሩ ብቻ ከሆነ ነርሷን ጠይቂ።

በመጨረሻም ትርጉሙን አንቺ አትሥሪው። በአሜሪካ የፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል እንግሊዝኛ ለማይችል ታማሚ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ይህ ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የመጣ መብት ነው። ልጅ ለእናቷ «ሞት» የሚለውን ቃል መተርጎም ይከብዳታል፤ አንቺም ዘለልሽው፣ አልፈርድብሽም። ሽቦው ሲተከልና ከተተከለ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች አስተርጓሚው በስልክ ወይም በቪዲዮ መስመር ላይ ይሁን። አየር ወደ አንጎል ከሄደ ከመጀመሪያዎቹ ምልክቶች አንዱ የአንደበት መተሳሰር ነው፤ አማርኛ የማያውቅ ነርስ የእናትሽ ንግግር መበላሸቱን በምን ታውቃለች? ስማቸውን፣ የት እንዳሉ፣ ስንት ጣት እንደሚያዩ በአማርኛ የሚጠይቃቸው ሰው ያስፈልጋል። ምልክቱ ከታየ ሐኪሞቹ እንዲቀመጡ ሳያደርጉ እናትሽን በጀርባቸው አስተኝተው ሙሉ ኦክስጅን ይሰጧቸዋል፤ ከፍተኛ ግፊት ያለው የኦክስጅን ክፍል ወዳለበትም ሊወስዷቸው ይችላሉ። እያንዳንዱ ደቂቃ ዋጋ አለው።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ለሆስፒታሉ ስትደውዪ ከሁሉም አስቀድመሽ የአማርኛ አስተርጓሚ አስመዝግቢ። ለሁለቱም ክፍሎች መሆኑን፣ ለሲቲ ስካኑም ለቀዶ ሕክምናውም፣ አረጋግጪ።